ኤሲ የገባበት የአራስ ቤት

መቱ ውስጥ ኤሲ ምን ይሠራል ብሎ ያልጠየቀኝ ሰው የለም። እውነታቸውን ነው። ዝናቡ አንዴ ከገባ መውጫውን በማያውቅበት፣ ሰው ፀሐይ ባየ ቁጥር ፍራሽ ተሸክሞ በሚወጣበት ከተማ፣ ግድግዳ ላይ ማቀዝቀዣ መስቀል የጤና አይመስልም። እኔ ራሴ ወሬውን በስልክ ስሰማ ባሌን "አንተ ሰውዬ፣ የጋምቤላ ፀሐይ አናትህ ላይ ወጣ እንዴ?" ብዬዋለሁ።

ባሌ የሚሠራው ጋምቤላ ነው፤ እኔም ከተጋባን ጀምሮ የኖርኩት እዚያው ነው። ጋምቤላ ያለ ኤሲ እንቅልፍ የለም። አገሩ ከሚመለስ አንድ ሠራተኛ ላይ አሮጌ ኤሲ ገዝተን መኝታ ቤታችን ሰቅለን ነበር፤ አንዱ አካሉ ውስጥ ግድግዳው ላይ፣ ትልቁ አካሉ ውጭ፣ በመካከል ግድግዳውን በስቶ የሚያልፍ ቱቦ። ሪሞቱ ላይ የበረዶ ምልክት አለ፣ የፀሐይ ምልክትም አለ። የፀሐይዋን አንድም ቀን ነክተናት አናውቅም። እንዲያውም እንግዳ ሲመጣ "ይቺን እንዳትጫናት፣ ተቀቅለህ ነው የምትገኘው" እያልን እንቀልድባት ነበር።

ሳረግዝ፣ የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው ተብሎ፣ መቱ እናቴ ጋ መጣሁ። ልጅቷ ግን ቀኗን አልጠበቀችም። ነሐሴ ላይ፣ ሰማዩ እንደተቀደደ፣ ወጣች። ትንሽዬ ነበረች፤ ፊቷ የሽማግሌ ፊት፣ እግሯ የኔን ጣት የሚያህል። ሆስፒታል ውስጥ ልብሷን አውልቀው ደረቴ ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ አድርገው በነጠላ አሰሯት። ስንወጣ ነርሷ ሁለት ነገር ነገረችኝ። እንዳይበርዳት፤ ጭስም እንዳይደርስባት። "ከበረዳት የጠባችውን ሁሉ ለመሞቅ ትጨርሰዋለች፣ ኪሎ አትጨምርም። ሳንባዋም ገና ነው፣ ከሰል አጠገቧ እንዳይደርስ" አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ያቅታል! በነሐሴ ዝናብ፣ መቱ ውስጥ፣ ያለ ከሰል ቤት እንዴት እንደሚሞቅ ግን እሷም አልነገረችኝ፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ባሌ የፀሐይዋ ምልክት ትዝ ያለችው ያኔ ነው። ኤሲውን አስነቅሎ፣ በአይሱዙ ጭኖ፣ ባለሙያ አስከትሎ ከች አለ። ባለሙያው አፉ የማያርፍ፣ ሲሰቅልም ሲያወራ ሲያወርድም ሲያወራ የሚውል ሰው ነበር። ከቆጣሪው የራሱ መስመር ዘረጋለትና በማከፋፈያ የሰካ ሰው ቤቱን ለእሳት እንደሰጠ ይቁጠረው አለ። መብራት ሲሄድ ማጥፋት፤ ሲመጣም መብራቱ እስኪረጋ ትንሽ ታግሶ ማብራት፤ ወንፊቱን እያወጡ ከአቧራ ማጠብ፤ ነፋሱን ወደ ሕፃኗ አለማነጣጠር። ጣሪያ እስኪግል መለኮስ የለም፣ ሰው ሹራብ ለብሶ የሚቀመጥበት ያህል ይበቃል። ይህን ሁሉ የነገረው ለእናቴ ነው፤ እኔማ አራስ ነኝ። እናቴ ራሷን እየነቀነቀች ሰማች፤ ከዚያ ሁሉ ግን ልቧ ውስጥ የቀረው በመካከል ጣል ያደረገው "ዋጋው ውድ ነው" የሚለው ብቻ ነበር። ባሌ ልጅቷን ሳም ሳም አድርጎ፣ ሥራው አላስቀምጥ ብሎት፣ ከባለሙያው ጋር ተመልሶ ወረደ።

ማሽኑ ሞቅ ያለ አየር መተንፈስ ሲጀምር ወይ የሰፈሩ ሰው ጉድ ማለት! "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብሎ የሚገባው ሁሉ ዓይኑ ልጅቷ ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ነው። አንዷ ጎረቤታችን ቀና ብላ ስታየው ቆየችና "ከሰሉን የቱ ጋ ነው የምትጨምሩለት?" አለች። እናቴ ኩራቷን አልቻለችውም። "ከሰል ድሮ ቀረ እትዬ፣ ይሄ በመብራት ነው!" እያለች ለገባ ለወጣው ታስረዳለች። የኔ ሥራ አልጋ ላይ ሆኖ አንድ ነገር መጮኽ ነበር፦ "በሩን ዝጉ! ሙቀቱ ይወጣል!" ጋምቤላ የለመድኩት ነው፤ እዚያ በር ከፍቶ የሚቆም ሰው የሌባ ያህል ነው የሚሰደበው።

አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ከዳሪሙ ሲመጡ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጭቃውን በእግራቸው አቋርጠው፣ ከዚያ ሚኒባስ ይዘው፣ ቅቤና ማር ተሸክመው ገቡ። ልጅቷን አዩ፣ አለቀሱ፣ መረቁ። ከዚያ ሞቃቱ ነፋስ አንገታቸውን ሲነካቸው ብድግ አሉ። "እንተላ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "ይሄ ነገር ይተነፍሳል። ለጨቅላ ነፋስ ነፋስ ነው፣ ሞቀም ቀዘቀዘም።" ቆራ የሚሏት ቃል ከአፋቸው አትጠፋም፤ በኦሮምኛ ብርድ ማለት ነው። ለሳቸው የልጅ ጠላት ቆራ ነው፣ መድኃኒቱ ደግሞ ከሰል። በዳሪሙ ስድስት ልጅ ያሳደጉት በዚሁ ነው፣ ምን ትላቸዋለህ?

እንግዲህ እናቴ ለማሽኑ፣ አማቴ ለከሰሉ ቆሙ። ሲነጋገሩ ብትሰሟቸው ማር ነው። "እትዬ፣ እርስዎ ይቀመጡ።" "ኧረ በሞቴ እርስዎ ይቀመጡ።" አንዷ ወጣ ስትል ግን ሌላዋ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ ታማታለች። አማቴ የከሰል ምድጃ ይዘው በር ላይ ብቅ ሲሉ እኔ "እማማ፣ ነርሷ ከልክላለች!" እላለሁ፤ ምድጃው ይመለሳል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ብቅ ይላል። ሪሞቱን ብርድ ልብሴ ውስጥ ደብቄ ነበር የምተኛው፤ ነገሩ ያስቃል፣ ያኔ ግን እንኳን ልስቅ ልናደድም አቅም አልነበረኝም።

አንድ ቀን ሁለቱንም አስቀምጬ ማስረዳት አለብኝ አልኩ። ጋምቤላ ሽንኩርት ስናቁላላ ሽታው መኝታ ቤት ገብቶ አልወጣ ስላለ ባለሙያውን ጠይቄው የነገረኝን ነገርኳቸው። ይሄ ዕቃ ከውጭ አየር አያስገባም፤ የዚችኑ ክፍል አየር እየሳበ፣ እያሞቀ፣ መልሶ ይሰጠናል፤ ስለዚህ እዚህ ቤት የገባ ጭስ እዚሁ ነው የሚዞረው አልኳቸው።

እናቴ አዘነችልኝ። "ቆይ፣ ታዲያ ያ ቱቦ ግድግዳ በስቶ ውጭ ምን ሊሠራ ወጣ?"

"ጋዝ ነው የሚመላለስበት።"

"ጋዝ!" አማቴ ደረታቸውን መቱ።

"እንዲያ አይደለም እማማ፣ ቱቦው ውስጥ ታሽጎ ነው..."

"ይተዋት እትዬ" አለች እናቴ። "አራስ ናት፣ ሰውነቷ ገና አልረጋም። ቱቦ የሚባለው ማስገቢያ ነው። አየሩን ከውጭ ይስባል፣ እዚህ ያሞቀዋል። ዓይን ያለው ያያል።" አማቴም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለቱ ሴቶች ከተገናኙ ጀምሮ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው፤ እሱም ስህተት። አራስ ማንም አይሰማትም። ጠጪ ትባላለች፣ ብዪ ትባላለች፣ ሆዷን በመቀነት ያስሯታል፣ የምትናገረው ግን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ከዚያ ዝናቡ ባሰበት። ማሽኑም ደከመ። ሞቅ ማድረጉን ትቶ ለብ ያለ ነገር ይተነፍሳል፣ ያቋርጣል፣ እንደገና ይነሳል። "ውጭ ያለውን አካሉን አንድ ሰው ይየው" አልኩ። እናቴ "አይቼዋለሁ፣ ምንም አልሆነ" አለች። ምን እንዳደረገችው ኋላ ነው ያወቅኩት። ያን የመሰለ ውድ ዕቃ ዝናብ ሲቀጠቅጠው አላስችል ብሏት፣ በሰማያዊ ሸራ ከላይ እስከ ታች ጠቅልላ በገመድ ጥፍር አድርጋ አስራዋለች! አይ እናቴ። አየሩን ወደ ቤት ባያስገባም ሙቀቱን የሚቀስመው ከውጭው አየር ነው፤ ማራገቢያው አየር ካላገኘ ከየት ያምጣ? ለዝናብ ተብሎ የተሠራ ዕቃ ነው፤ እኛ አገር ግን ጥሩ ነገር ደጅ አያድርም፣ ካደረም ራቁቱን አያድርም።

ሙቀቱ ሲቀንስ የልጅቷ ሽርት ጨርቅ አልደርቅ አለ። ገመድ ላይ ቢሰጡት ይሻግታል፣ አልጋ ጠርዝ ላይ ቢሰቅሉት እርጥብ ነው። ልጅቷ እግሯ ሲቀዘቅዝ በእጄ ይታወቀኛል። እፈራ ነበር። አንዳንዴ ትንፋሿ ስለማይሰማኝ ጆሮዬን አፏ ላይ አስጠግቼ እቆያለሁ። ጡት ለመሳብ እንኳ የምትደክም ልጅ ናት፤ አንድ ብርድ፣ አንድ ሳል፣ አበቃ። እናቶቼም ይህን ያውቃሉ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ እሷኑ ለማዳን ነው ሁለቱም የሚራኮቱት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከባድ እንቅልፍ ወሰደኝ። ልጄ ደረቴ ላይ ነበረች። በተኛሁበት ሁለቱ ሴቶች ታረቁ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ ነገሩን ያነሳችው እናቴ ናት። "እትዬ፣ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ነው የሚባለው። ማሽኑም ይሥራ፣ የእርስዎም ከሰል ይግባ።" አማቴ ደስ አላቸው። ከሰሉን ጓዳ አቀጣጥለው፣ ጭሱ እስኪያልቅ ጠብቀው፣ ፍሙን አምጥተው አልጋዬ ግርጌ አስቀመጡት፤ በላዩ ቅርጫት ደፍተው ሽርት ጨርቁን ዘረጉበት። ጭስ የለው፣ ሽታ የለው፤ ነርሷ የከለከለችው ጭስ ነው፣ እነሱም ጭሱን ውጭ አስቀርተዋል።

እናቴ እኮ ከሰል የሚገድል መሆኑን አጥታው አይደለም! ዕድሜዋን ሙሉ ከሰል ቤት ስታስገባ በር ገርበብ ሳታደርግ ቁጭ ብላ አታውቅም። "የከሰል ነገር አይታመንም" እያለች ያሳደገችን እሷ ናት። ያን ቀን ግን በሩን ዘጋችው። አየሩን ማሽኑ በቱቦው ያመጣላ! የመስኮቱን ክፍተትም ድሮውኑ በጨርቅ ወትፋዋለች። "በሩን ዝጉ" እያልኩ የምጮኸው ደግሞ እኔ ነኝ።

የነቃሁት ራሴን እየፈለጠኝ ነው። የቤቱ ድምፅ የማሽኑ ጉርምርምታ ብቻ ነበር። እናቴ ወንበር ላይ አገጯ ደረቷ ላይ ወድቆ ተኝታለች። አማቴ ምድጃው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው ጭንቅላታቸውን ግድግዳ አስደግፈዋል፤ አፋቸው ተከፍቷል። በቅርጫቱ ሥር ቀይ ነገር አየሁ። "እማዬ" አልኩ፣ ድምፄ አልወጣም። ልጄን ነካሁ፣ አልተንቀሳቀሰችም። ያን ጊዜ የተሰማኝን በምን ቋንቋ ልንገራችሁ? ገደሏት አልኩ። ከቆራ ሲሸሹ ገደሉብኝ።

ተነሳሁ፣ ወደቅኩ። ልጄን በአንድ እጄ ደረቴ ላይ ደግፌ በሌላው እየዳህኩ በሩ ጋ ደረስኩ። እጀታውን ስይዘው መቼም የማይከፈት መስሎኝ ነበር። ከፈትኩት። በረንዳው ላይ ዝናቡ በጎን ይገባል፤ እዚያው ዝናቡ ውስጥ፣ ባዶ ራሴን፣ በባዶ እግሬ፣ ልጄን ከነጠላው አውጥቼ ወጣሁ። የፊት ለፊት ጎረቤታችን በመስኮት አይታኝ "ኡኡ! አራሷ አበደች!" ብላ ጮኸች። ትጩኽ! ጩኸቷ ነው ሰው የሰበሰበልኝ። የልጄን እግር ውስጡን በጣቴ መታሁት። ምንም። እንደገና መታሁት፣ ጀርባዋን አሸሁ፣ ስሟ ገና አልወጣም ነበርና "አንቺ! አንቺ!" እያልኩ ጠራኋት። ፊቷን አጨማደደች። ከዚያ ቀጭን፣ የድመት ግልገል የመሰለ ድምፅ አወጣች፤ አለቀሰች። እኔም እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ ከሷ ጋር አለቀስኩ።

ሰዎች እናቶቼን ጎትተው አወጧቸው። እናቴ በረንዳው ላይ ነቃች፣ አስታወከች፣ "ልጅቷስ?" አለች። አማቴ ግን አልነቁም፤ ለምድጃው ቅርብ የነበሩት እሳቸው ናቸው። በሁለት ባጃጅ ሆስፒታል ሄድን። ኦክስጅን ተሰጠን። ልጄን መርምረው ደህና ናት እስኪሉኝ ድረስ የማንንም ፊት አላየሁም። አማቴ ሲነቁ መጀመሪያ ያሉት በኦሮምኛ ነው፤ ማሎ አሉ፣ እባካችሁ ማለት ነው፣ ልጅቷን አሳዩኝ። አስጠግቼ አሳየኋቸው። እሳቸውን እዚያው አስተኟቸው፤ እኛ ወደ ቤት ተመለስን።

እናቴ ያን ሸራ በቢላዋ ቆርጣ ከማሽኑ ላይ አወረደችው። ማሽኑ ወዲያው ነፍስ ዘራ፣ ቤቱ ሞቀ። ምድጃው ጓዳ ገባ፣ ሽርት ጨርቁም በማሽኑ ሙቀት መድረቅ ጀመረ። እኔ ደግሞ የመስኮቱን ውታፍ ነቅዬ አንድ መዳፍ የምታህል ክፍተት ተውኩ። ይኼኔ ነው ጦርነቱ እንደገና የተነሳው። ጠያቂ ይጎርፍ የለ? የገባው ሁሉ "ኧረ ዝጊው፣ አራስ ላይ መስኮት ይከፈታል እንዴ!" ይላል። እናቴም ዓይኗ እንባ አቅርሮ "ከሰሉ ወጥቷል፣ መስኮቱ አሁን ምን አደረገሽ?" ትለኛለች። ይህ ሁሉ ሰው የሚተነፍሰው የት ይሂድ እላታለሁ። እሺ ትለኛለች፤ ዓይኔን ስጨፍን ትዘጋዋለች። ዓይኔን ስገልጥ እከፍተዋለሁ። ወይ መከራ! ልጄን ከሞት አውጥቼ ከመስኮት ጋር ስታገል ልኖር ነው አልኩ።

አማቴ ሲሻላቸው መጡ። ፊታቸው ገርጥቷል፣ ሲራመዱ ሰው ይደግፋቸዋል። እናቴ ደስ አላት፤ አጋዥ መጣላት። "እትዬ፣ እስቲ ይዩልኝ፣ መስኮት ከፍታ እኮ ነው የምትውለው!" አለቻቸው። እኔም ለጠብ ተዘጋጀሁ። ነፋስ ነፋስ ነው ያሉኝ ሴት ናቸው።

አማቴ ወደ መስኮቱ ሄዱ። ክፍተቷን በእጃቸው ለኩ፤ ብርዱ ጣታቸው መሐል ሲገባ አየሁ። ከዚያ በርጩማ ጎትተው፣ ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው አጣፍተው፣ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ቁጭ አሉ። ከኋላቸው በሚገባው አየርና በአልጋዬ መሐል እሳቸው ተቀመጡ።

"እማማ፣ እዚያ ይበርድዎታል" አልኳቸው። "ገና አልተሻለዎትም።"

"ልጅቷ አየር ትሻለች ተባለ" አሉ። "አየሩ ይግባላት። ቆራው እኔን ይምታኝ።"

እናቴ ሌላ በርጩማ አምጥታ ከጎናቸው ተቀመጠች። ማሽኑ ቀስ እያለ ይተነፍሳል፣ ልጄ ደረቴ ላይ ሞቋት ተኝታለች። ሲመሽ መስኮቱን ለመዝጋት ስነሳ አማቴን ልደግፋቸው ጀርባቸውን ያዝኩ። ጋቢው በዝናብ ርሶ ከሰውነታቸው ተጣብቋል፤ እሳቸው ግን ከበርጩማው አልተነሱም።